ወዲያም ወዲህም የሚገለበጠው እጀታ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው፤ የሞተርህን ሽቦ ለማስጠቅለል መጥተህ የሱቄ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጎን ዓይንህ የምትሰርቀው። ቅረብ፣ አትፈር። "የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው" ብሎ ያሳደገህ ካለ፣ "ባለቤቷ ራሷ ፈቀደችልኝ" በለው። አንቺም የጁስ መፍጫሽን በብብትሽ ይዘሽ የቆምሽው፣ ተጠጊ።

ይሄ እኔና ባሕር ማዶ ያለው ያጎቴ ልጅ የተጻጻፍነው ነው። የሱንም የኔንም አንድ ፊደል ሳልቀንስ ለጥፌዋለሁ። ለምን እንደለጠፍኩት መጨረሻው ላይ ይገባሃል። እስከዚያ ሞተርህ የትም አይሄድብህም፤ ተቃጥሎ የለ!

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለሞተር ጠቅላይዋ፣

ይህች ደብዳቤ ደህና ሆነሽ፣ እጅሽ ከመዳብ ሽቦ ጋር ሳይጣላ፣ ድምፅሽም እንደ ድሮው ሦስት ቤት እየተሻገረ ታግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አክስታችን እታለምስ እንዴት ከረመች? አሁንም ጫማውን ሳይጠርግ የገባውን ሰው በመወልወያ ታባርራለች?

የምጽፍልሽ ነገር ደስ የሚል ነው። አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የድሮ የቤትና የጓሮ ዕቃ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ዘበኛ ሆኛለሁ። ጡረታ የወጡ ማሽኖችን ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው ይጠብቃቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛውን ክፍል ልዘጋ ስገባ፣ ጥግ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? አረንጓዴውን! አባቶቻችን የሠሩበትን ሆስፒታል የሣር ማጨጃ! ራሱን አይደለም፣ ታናሽ ወንድሙን። ቀለሙ ያው የእንቁራሪት አረንጓዴ፣ ሞተሩ ላይ የደፋው የቆርቆሮ ባርኔጣ ያው፣ በጎኑ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ያው፣ የልጅ መጫወቻ የመሰሉት አራት ጎማዎቹም ያው። እጀታው ደግሞ ወዲያም ወዲህም የሚገለበጥ! እጄን ሰድጄ ገለበጥኩት። ቀጭ! አለ። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ሙዚየም ውስጥ ዕቃ መንካት ክልክል ነው፤ ከልካዩ ደግሞ እኔ ነኝ። ራሴን ገሠጽኩና እንደገና ገለበጥኩት።

ከዚያ አጠገቡ የተጻፈውን አነበብኩ። "የሚገለበጥ እጀታ፣ የፋብሪካው ነዳፊዎች ፈጠራ" ይላል። እኔና አንቺ ግን መጀመሪያ የተገለበጠው የት እንደሆነ እናውቃለን። ፋብሪካው ይሄንን ያወጣው ከኛ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ለሙዚየሙ ኃላፊ "ይሄ እኮ የአባቴ እጀታ ነው" አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። "ማስረጃ ካመጣህ ጽሑፉን እንቀይረዋለን" አለችኝ።

እባክሽ የኛን አረንጓዴ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እጀታው በደንብ ይታይ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለዘበኛው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርህ እስከ መላጣህ ይዳረስ። ጉልበትህን ፈጣሪ ይማርልህ፤ ምላስህን ግን እኔው አክመዋለሁ።

"የአባቴ እጀታ" አልክ? የማን አባት? እስቲ ድገመው! አባትህ አጎቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር፣ የሆስፒታሉ በያጅ ነበር፣ እጁም ወርቅ ነበር፤ አልክድም። ግን በያጅ በይድ የተባለውን ነው የሚበይደው። ሣሩን ሲያጭድ የኖረው ማነው? ችግሩን ያየው ማነው? አባቴ! አትክልተኛው!

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ከአረንጓዴው በፊት በነዳጅ የሚሠራ ማጨጃ ነበር። እሱ ሲነሳ በሽተኛው ሁሉ ይነሳ ነበር፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ እሱ ነበር ሰው ከአልጋ የሚያወርደው። ጭሱ በመስኮት እየገባ ሳምባ በሽተኞቹን ሲያስላቸው ዋና ነርሷ "ወይ እሱ ወይ እኔ!" አለች። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ታዘዘ። በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ እንደ ንብ ነው የሚያንጎራጉረው።

አንድ በሽታ ነበረበት፤ የገዛ ጅራቱን ይበላል። ገመዱ ሠላሳ ሜትር ነው። እያጨድክ ግድግዳው ጋ ትደርሳለህ፣ ለመመለስ ማሽኑን ታዞረዋለህ፣ ገመዱ እግርህ ሥር ይጠመጠማል። ቢላው ደግሞ ሣርና ገመድ አይለይም። ጧ! ፊውዙ ይዘልላል፣ የልብስ ማጠቢያው ይቆማል፣ ዋና ነርሷ በመስኮት አንገቷን ታወጣለች። ገመዱ ይኸው እኔ ጋ አለ፤ ሦስት ቦታ ተቀጣጥሏል። አባቴ ሦስቱን አደጋ ካየ በኋላ ቁጭ ብሎ አሰበ፦ ማሽኑ ለምን ይዞራል? እጀታው ይዙር! ሰውየው በወዲያ በኩል ይሂድና እየገፋ ይመለስ። ያኔ ገመዱ ሁልጊዜ በታጨደው በኩል ይቀራል። አለቀ! እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ቱቦ፣ በማሽኑ ወገብ ግራና ቀኝ ሁለት ፒን፣ ከፊትና ከኋላ ደግሞ ምላስ የምታህል ማገቻ፣ ቀጭ ብላ የምትይዘው።

ይሄንን ክፍል ተቀምጬ አልተማርኩትም። ሆስፒታሉ ማሽኑን ሲጥለው አባቴ በጡረታው ቀን "ሽልማቱ ይቅርብኝ፣ እሱን ስጡኝ" ብሎ ወሰደው፤ ሞተሩን እኔ በነዚህ እጆቼ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬዋለሁ። አንድ መሐንዲስ ሱቄ ገብቶ "ማን አስተማረሽ?" ቢለኝ "የተቃጠለ ሞተር" አልኩት። ተመልሶ አልመጣም፤ ማራገቢያውን ግን ሠርቼለታለሁ።

ያንን የፋብሪካ ነጋዴም አልረሳሁትም፤ ባለ ሻንጣውን። መጣ፣ እጀታውን አየ፣ ሳቀ፣ ደብተር አውጥቶ ሳለ፣ ሄደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አዲሱ ሞዴል ከነሚገለበጥ እጀታው ከተፍ! "እናመሰግናለን" የምትል ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረችም። ልጅ ብሆንም የሣጥኑን ጭድ በትኜ የፈለግሁት እኔ ነኝ።

ፎቶው ይኸው። ከጀርባው "የአትክልተኛው ሥራ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ለኃላፊዋ በትክክል ተርጉምላት። እታለም ደህና ናት። ሰማንያ አራት ሞላት። በመወልወያ ማባረሯን አልተወችም፤ ትናንት ያባረረችው እኔን ነው።

እህትህ

ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ጤናሽ እንደ አዲስ ጥቅል ሞተር ሳይሞቅ ሳይጮህ ይዝለቅልሽ። ዝምታዬ ስለረዘመ አትቆጪ፤ ማለቴ ካሁኑ በላይ አትቆጪ። ክፍሉ እየታደሰ ስለሆነ ሥራ በዛብኝ።

ፎቶው ደርሷል። ኃላፊዋ አየችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጋቢት 15 ሦስተኛው ክፍል እንደገና ሲከፈት እንግዶች ይጠራሉ፤ አረንጓዴውም ደጅ ወጥቶ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ሰው እያየው ያጭዳል። ጽሑፉም ይቀየራል። ሦስት መስመር ነው የተፈቀደልን። ሁለቱ ስለ ማሽኑ ናቸው፤ ሦስተኛው እጀታውን ስላሰበው ሰው። አንድ መስመር፣ አንድ ሰው።

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ። እኔ ደግሞ የማስታውሰውን ልንገርሽ። አባቴ ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ውስጡን አሸዋ ይሞላው ነበር። ጠቀጠቀው፣ ጫፎቹን በእንጨት ደፈነ፣ በእሳት አጋለው፣ ከዚያ እንደ ሊጥ አጠፈው። አሸዋውን ሲያፈስ ጫማዬ ውስጥ ገባ፤ ሞቅ ያለ ነበር። ይሄንን በዓይኑ ያየ ልጅ "የአባቴ ነው" ቢል ይፈረድበታል?

ኃላፊዋ የቱቦውን ውፍረትና በሁለቱ ፒኖች መሀል ያለውን ርቀት ትፈልጋለች። ለክተሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለጉልበትህ፣ ሰላም ለኃላፊዋ መነጽር። ለአሸዋው ግን ሰላምታ የለኝም። አባትህ ያንን አሸዋ ከየት አመጣው? ከአባቴ የአበባ መደብ ነዋ! ሁለት ባልዲ ሙሉ ዝቆ ወስዶ አልመለሰም፤ ጽጌረዳው ያን ዓመት ሰነፈ። ጫማህ ውስጥ የገባውም የአባቴ አሸዋ ነው።

ልኩ በሌላው ወረቀት ላይ አለ። በካሊፐር ነው የለካሁት፤ በስንዝር የለካሁ እንዳይመስላችሁ። ከለካሁ አይቀር ብዬ ያለቁትን የሞተሩን ካርቦኖች ለወጥኩ፣ ዘይት አጠጣሁ፣ ሰካሁት። እንዴት ልንገርህ! ባርኔጣው ሥር ትንሽ አጉረመረመና ዜማውን ያዘ። ሱቄ ፊት ያለችውን የመዳፍ ያህል ሣር አጨድኳት። አለቀች። ጫማ ሰፊው "የኔስ?" አለ፣ የሱንም አጨድኩ። ፀጉር ቆራጩ ወጥቶ "ከጎን ቀነስ፣ ከላይ ተወት አድርጊው!" አለኝ። እጀታውን ቀጭ አድርጌ በገለበጥኩ ቁጥር ሰዉ ያጨበጭባል። በመጨረሻ ሣር አልቆ ሰው ተረፈ።

አሁን ወደ ነገራችን። ፎቶ አልክ፣ ላክሁ። ልክ አልክ፣ ይኸው። ቀጥሎ የመንጋጋ ጥርሴን ሳትጠይቀኝ አትቀርም። "የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ" ብለኸኛል። አንብቤያለሁ ምን ማለት ነው? የመድኃኒት ማሸጊያ እኔም አነባለሁ፤ አልድንም እንጂ! ሦስተኛው መስመር ላይ የማንን አባት ነው የነገርካት? ባንድ ቃል መልስልኝ፤ ወይ አትክልተኛው፣ ወይ በያጁ።

እህትህ

ጥር 22 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ደስታሽ አይጉደል፤ ከጨሰ ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። የሣሩን ነገር ለኃላፊዋ ሳነብላት የፀጉር ቆራጩን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ትልቅ ዜና አለ። ፋብሪካው ሲዘጋ ወረቀቱ ሁሉ በሣጥን ተሞልቶ አንድ መጋዘን ገብቶ ነበር። ኃላፊዋ ሄዳ ስትበረብር የባለ ሻንጣውን ነጋዴ ደብተር አገኘችው! ሆስፒታሉ ተጽፏል፣ ቀኑ ተጽፏል፣ እጀታው ከነማገቻው ተስሏል። አንቺ የላክሽው ልክ ካጠገቡ ከጻፈው ልክ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። እኛ ቀድመናል፤ ጥርጥር የለውም።

አንድ ያልገባን ነገር ግን አለ። ከእጀታው አጠገብ ነጋዴው ባልዲ ስሏል። ትልቅ ባልዲ፣ እጀታው ወደ ጎን የተኛ፣ በላዩም አንድ ወዲያ አንድ ወዲህ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች። የሰው ስም የለበትም። ኃላፊዋ "የታጨደ ሣር መያዣ ይሆናል" ትላለች። አንቺ የምታውቂው አለ?

የማገቻዋን ምላስ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያዋን ሥዪልኝ። የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው እመልሳለሁ፤ አሁን ጉልበቴን አሞኛል።

ወንድምሽ

የካቲት 1 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጉልበትህ ነው እንዴ የሚጽፈው? ይሁን፣ ይማርህ። ዛሬ አልጮህብህም። ተቀመጥና አንብብ፤ ወንበሩ ጠንካራ መሆኑን አይተህ።

የባልዲውን ጥያቄ ይዤ እታለም ጋ ሄድኩ። ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ። "እንደገና ጥረጊ" አለችኝ፤ ጠረግሁ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች።

"እታለም፣ ያ የድሮው ነጋዴ ደብተሩ ላይ ከእጀታው አጠገብ ባልዲ ስሏል አሉ። የሣር መያዣ ነው?"

መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ ሳቀች አልልህም፣ ፈነዳች! እንባዋን በትራስ ልብሱ ጠረገች።

"ሳለው? ባልዲዬን ሳለው? ያ ጉደኛ! እኔ እኮ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር!"

"ባልዲሽን?"

"ታዲያ የማንን? እዚያ ሆስፒታል ወለል የማጥበው እኔ፣ ባልዲ የማነሳው እኔ። አባትሽማ ባልዲ ሲያይ ወገቡን ያመው ነበር።"

እንግዲህ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ።

"ሣጥኑ ሲከፈት ከማሽኑ ጋር አንድ ወረቀት ወጣ፤ እጀታው እንዴት እንደሚታሰር የሚያሳይ። ጽሑፉን የሚያነብ የለም፣ ሥዕሉን ግን ሁሉም ያያል። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። አባትሽ በዚህ ተቀመጠ፣ በያጁ ወንድሜ በዚያ፣ ፊት ለፊት። ላንዱ ሥዕሉ ቀና ነው፣ ላንዱ ተዘቅዝቋል። አንዱ 'እጀታው በዚህ ነው' ይላል፣ አንዱ 'በዚያ ነው' ይላል።"

"ታዲያ አንዱ ተነስቶ በሌላው በኩል አያይም ነበር?"

"ምን ነካሽ? ዞሮ ማየትማ 'ተሳስቻለሁ' ማለት ነዋ! እነዚህ? ብረት መብሳት ይቀላቸዋል። አባትሽ በሱ በኩል አሠረው። ለምሳ ሲወጣ በያጁ ፈትቶ በሱ በኩል አሠረው። አባትሽ ከምሳ ሲመለስ ፈታው። በዚያች አንድ ሳምንት ገመዱ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለቱ ያባትሽ ናቸው፣ አንዱ የበያጁ። ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ዋና ነርሷ 'በሽተኛ ቢጠፋበት አላገኘውም' አለች። እኔ ኮሪደር ልወለውል ባልዲዬን ይዤ ስገባ አሁንም ወረቀቱን መሀል አድርገው ተፋጠዋል። በገንኩ! ባልዲውን ከነውሃው ወረቀቱ ላይ ዘጭ! እጀታውን አነሳሁ፤ ወዳንዱ ቀጭ፣ 'ይኸው ወዳንተ!' አነሳሁ፤ ወደ ሌላው ቀጭ፣ 'ይኸው ወዳንተ!' አልኳቸው። 'ባልዲ እንኳ ለማንም ሳያዳላ በሁለቱም ይገለበጣል፤ የናንተ እጀታ ምን ቤት ነው? በየፊናችሁ ግፉ!' ብዬ ጥያቸው ወጣሁ። የወለወልኩት ወለል ሳይደርቅ በያጁ ቱቦ ማጠፍ ጀመረ፣ አባትሽ አሸዋ ያቀብላል።"

ያቀብላል! ሰምተሃል? አሸዋው አልተሰረቀም። አባቴ በእጁ ነው የሰጠው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰረቀኝ ሲለን የኖረው!

"ለገመዱ ብለው አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"የምን ገመድ? ገመዱ የዳነው በድንገት ነው። ማሽኑን ማዞር ሲቀር መቆረጡም ቀረ። ከዚያማ ሁለቱም 'ለገመዱ ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ' አሉ። ነጋዴው ሲመጣ እየተገፋፉ ደረታቸውን ሲደልቁለት፣ እኔ በኮሪደሩ ሳልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በቋንቋ አንግባባም። ባልዲዬን ከፍ አድርጌ እጀታውን ወዲያ ወዲህ ገለበጥኩለት። ያኔ ነው የሳቀው። ደግሞ ልንገርሽ፤ አባትሽ ወደ ግድግዳው ሲሄድ በሱ በኩል ይገፋል፣ ሲመለስ ግን በወንድሙ በኩል ነው። ዕድሜ ልኩን የሆስፒታሉን ሣር ግማሹን በወንድሙ መንገድ አጨደው! እኔ መስኮት እየወለወልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።"

"እና ሃምሳ ሁለት ዓመት ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለችኝና መርፌዋን ቀጠለች።

ወንድሜ፣ ከሷ ቤት በቀጥታ ሱቄ ገብቼ ይሄንን ጻፍኩልህ። የማገቻዋን ምላስ ስዬ ልኬልሃለሁ። አሁን ሦስተኛው መስመር ላይ ማን እንዳለ ንገረኝ።

እህትህ

የካቲት 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእታለምም፣

ሳቃችሁ አይንጠፍ። ደብዳቤሽ ጠዋት ደረሰኝ፣ ከሰዓት በኋላ መልሱን ይዤ ፖስታ ቤት ነኝ። ጉልበቴም ድኗል።

እውነቱን ልናገር። ገና በመጀመሪያው ቀን የአባቴን ስም ሰጥቻት ነበር። ፎቶሽ ሲደርስ ጀርባውን ገልብጣ "ይሄ ምን ይላል?" ብትለኝ "ሰላምታ ነው" አልኳት። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እንግዲህ ነገሩ ትንሽ ተዛብቶ ነበር፤ በመሀል አለመግባባት ተፈጥሯል።

የእታለምን ታሪክ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ኃላፊዋ ሳትናገር ተነስታ ከጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ባልዲ አመጣች። ደብተሩ አጠገብ አስቀመጠችው። እጀታውን ወዲያ ገለበጠች፣ ቀጭ። ወዲህ ገለበጠች፣ ቀጭ። ቀስቶቹን አየች። "የሣር መያዣ ብዬ ነበር እኮ!" ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የጽዳት ሠራተኛችን መወልወያዋን ተደግፋ ስታየን ቆይታ "ይሄን ለማወቅ ሙዚየም ያስፈልጋል? ባልዲዬን መልሱልኝ" አለች።

ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ እንዲቆይ ተደርጓል። ደብተሩም ተገልጦ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። የሚቀረው የእታለም ፈቃድ ብቻ ነው። ያለሷ ፈቃድ ኃላፊዋ አንድ ፊደል አታትምም። ካልፈቀደች ሦስተኛው መስመር ባዶ ይቀራል። እባክሽ ጠይቂያት፣ ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለኃላፊዋ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ መጋቢት 15 እዚያ ለሚቆም እንግዳ ሁሉ፣

ጤና ለሁላችሁ፤ ሣራችሁ ይለምልም፣ ገመዳችሁ አይቆረጥ።

"ሰላምታ ነው" ብለህ ተረጎምክ! አንተ የሰው ቀጣፊ! አንብቤ በሳቅ ከወንበር ወደቅሁ፤ ያነሳኝን ጫማ ሰፊ ጠይቀው።

እታለምን ጠየቅኋት። አዲስ ጫማ አድርጌ ሄጄ ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። መልሷ ይኸው።

"ስሜን አልፈልግም። የሚያውቀኝ ያውቀኛል። 'ወለል አጣቢዋ እህታቸው' ይበሉና ባልዲዬን ይሳሉልኝ፤ እጀታው የተኛ። ግን በነፃ አይደለም። ሰማንያ አራት ዓመት እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስኖር 'ተሳስቻለሁ' የሚል ሰው አልሰማሁም። ሁለቱ ወንድሞቼ ሳይሏት ሄዱ። አንቺ ትያት፣ እሱም ይበላት፣ ያኔ እፈቅዳለሁ።"

"በደብዳቤ?" አልኳት።

"በደብዳቤማ ማን ያየዋል? አደባባይ ላይ!"

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ሁሉ፣ የኔንም ካስቀረሁት ቅጂ፣ ከመጀመሪያው አንስቼ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኳቸው። የዚህኛውንም ቅጂ እለጥፈዋለሁ። እንግዲህ የምታነብ ሁሉ አንብብ፦ እኔ የአትክልተኛው ልጅ፣ ሞተር ጠቅላይዋ፣ ተሳስቻለሁ። እጀታውን ያሰበው አባቴ አይደለም። አሸዋውም አልተሰረቀም። ያጎቴን ልጅ ስሰድበው የከረምኩት ግማሹን በከንቱ ነው፤ ግማሹ ግን ይገባዋል።

ይኸው ጻፍኩት። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት መንካት ይቀለኝ ነበር። እታለም ሱቄ ደጃፍ ወንበር ወጥቶላት ተቀምጣለች፤ ጫማ ሰፊው ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ "ድገማት" ትለዋለች። አራተኛ ጊዜው ነው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሲያበራ ሳየው፣ እኔ ራሴ አምስተኛ ልጽፍላት ይዳዳኛል።

አሁን ተራው ያንተ ነው። "ተዛብቶ ነበር" ብለሃል። ማን አዛባው? ነፋስ? "አለመግባባት ተፈጥሯል"። ብቻውን ነው የተፈጠረው? እነዚህን አንቀበልም። መጋቢት 15 አረንጓዴው ደጅ ወጥቶ፣ እንግዳው ከቦ ቆሞ፣ ገና ሳይሰካ፣ ስልክህን ከፍተህ ከፍ አድርገህ ያዝ። እኛም እዚህ ድምፁን ከፍተን በሩ ላይ እንቆማለን፤ ሰፈሩ ሁሉ ቀጠሮውን ይዟል፣ ፀጉር ቆራጩም የዚያን ሰዓት መቀሱን ያስቀምጣል። ኃላፊዋ ትስማ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ትስማ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ሰው ፊት፣ ባፍህ።

እታለም ባልዲዋን ከፊቷ አስቀምጣለች። በኔ በኩል የነበረውን እጀታ አሁን አንስታ ቀጭ አድርጋዋለች፤ ወዳንተ። መልስ!